ዋሽንቱ ነው ወይስ ነፊው?

አንድ ጓደኛችን በሙዚቃ ክበብ ልምምድ ላይ ከፕሮግራም ተሰርዟል። አጭሯን ዋሽንት ሲነፋ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም አለች፤ ጧት ዝቅ፣ ቀትር ላይ ከፍ። በመጨረሻ «አንተ እኮ ጆሮ የለህም» ተባለና ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ዋሽንት ይዞ አላየሁትም። በበኩሌ ፍርዱ ተገላብጧል እላለሁ፤ ጆሮማ ባይኖረው ኖሮ እንዳልገጠመ ከሁላችንም ቀድሞ ባልሰማ ነበር።

እኔ የአዲስ ቅዳም ልጅ ነኝ። አገሬ ዛሬ የሚታወቀው በዲከረንስ ዛፉና በከሰሉ ነው፤ እኔ ግን ያደግሁት አጎቴ ዋሽንት ሲሠራ እያየሁ ነው። ሸምበቆውን በጣቱ ለክቶ ይቆርጣል፣ በጋለ ብረት ይበሳዋል። አራት ቀዳዳ አምስት ድምፅ ይሰጣል፤ በቃ። ለትዝታ የተበሳው ለአንቺ ሆዬ በቀላሉ አይታዘዝም። ስለዚህ አጎቴ ሰው ፊት ሊጫወት ሲሄድ ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ዋሽንት አብሮ ይይዛል። ክበባችን ያለው ግን አንዲት አጭር ዋሽንት ብቻ ነው፤ እሷም ከገበያ የተገዛች፣ ማን እንደለካት የማይታወቅ።

አጭር መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። እስቲ የተማርነውን ፊዚክስ እናስታውስ። የዋሽንት ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ ነው። በኪቦርድ ላይ ከአንድ ነጭ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ጥቁር ቁልፍ ያለውን ልዩነት ግማሽ ቶን እንበለው። የ60 ሳንቲ ሜትር ዋሽንት በ1 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት፣ የሚዛባው ከግማሽ ቶን ሩቡን ትንሽ አለፍ ያለ ነው። የ30 ሳንቲ ሜትሯ በዚያችው 1 ሳንቲ ሜትር ብትሳሳት ግን ከግማሽ ቶን እኩሌታውን ታልፋለች። ያን ማንም ይሰማዋል።

ብርዱም አለ። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር ከ10 ዲግሪ ወደ 22 ቢሞቅ ድምፁ የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። የአገራችንን ጧት ታውቁታላችሁ። ኪቦርዱ ግን ብርድ አያውቅም!

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። ትንሿ ኢ ፍላት ክላርኔትም ከታላቅ እኅቷ ይልቅ አስቸጋሪ ናት። ፈረንሳዊው በርሊዮዝ በ1830 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሲምፎኒ ለጠንቋዮች ጭፈራ የመረጣት ለዚያ ስለታም ድምጿ ነው። ክላርኔት ነፊ ግን ከአፍ መንፊያው ሥር ያለውን አጭር ቱቦ ሳብ ሲያደርገው ድምፁ ዝቅ ይልለታል። የእኛ ጓደኛ ምኑን ይሳብ?

ነፊው ጥፋት የለበትም አልልም። ሲደነግጥ አጥብቆ ይነፋል፤ አጥብቆ ሲነፋ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ቢሆንም ከልምምድ በፊት ዋሽንቷን ጃኬቱ ውስጥ ቢያሞቃት፣ ከፍ ባለው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰም ቢለጥፍ፣ ብዙው ይስተካከላል። ጫፏን መሞረድ ግን ድምፁን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም፤ አንዴ ካጠረች አጠረች። አጎቴ ሁልጊዜ አስረዝሞ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ዮሐንስ አፈወርቅ ዋሽንት ይነፋ የነበረው ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ነው። ክራርና ማሲንቆ ሊጠብቁና ሊላሉ ይችላሉ፤ ዋሽንት አይችልም። እንግዲህ ማን ወደ ማን ይሂድ? ኪቦርዱም እኮ ጠቅላላ ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ማስተካከያ አለው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እስካሁን የነካው የለም።

«ታዲያ ኪቦርዱ ብቻ አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። ብዙዎቻችን የምንመደብበት ገጠር ኪቦርድ ላይኖር ይችላል፤ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት የሚነፋ ተማሪ ግን አይጠፋም። እሱንም ጆሮ የለህም ልንለው ነው?

ክበቡ ከረጅም እስከ አጭር አምስት ዋሽንት ያሠራ። ቀርቀሃና ሸምበቆ በአዊ ምድር ሞልቷል፤ አጎቴም መጥቶ ሊያሳየን ፈቃደኛ ነው። ጓደኛችን ደግሞ በሚቀጥለው ልምምድ ይመለስ። ኪቦርዱን ወደ ዋሽንቱ የማመጣው እኔ ነኝ፤ መመሪያውን አንብቤዋለሁ።