የገጠር ዕቃ በፎቅ ቤት

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግቢና ጓሮ ለምደው ፎቅ ላይ የገቡ ቤተሰቦች በርክተዋል። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ በረንዳው ጠባብ፣ ደመወዙም የተቈጠረ ነው። ቤቱን ለማሳመር ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ፕላስቲክ አበባ ነው። አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምን ይጠቅመናል?

በምዕራብ ጎጃም የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገጠር እናቶች ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፉት ሰፌድና ሌማት፣ የበጉ አጎዛ፣ ሸክላው፣ ሁሉም ለፎቅ ቤት መልክ ይሰጣል። ሰፌድ እህል ማበጠሪያ እንጂ የግድግዳ ጌጥ አይደለም የሚሉ አሉ። እህል በማይበጠርበት ቤት ተሰቅሎ ቢታይ ግን ነውር የለውም።

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ በእንጅባራ ደጋ የሚገኘው ቀርከሃ ለወንበርና ለበረንዳ መከለያ ይሆናል። ሲገዙ ዕድሜውን ይጠይቁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ከወንበሩ እግር ሥር ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከታየ ነቀዝ ገብቶበታል።

በረንዳው ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ጠጅ ሳር፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ይበቅሉበታል። የተሰነጠቀ እንስራ ጥሩ መትከያ ነው። ከታች ይበሳና ቀዳዳው ላይ ገል ይደረግበታል፤ ከዚያም አፈርና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ይሞላል። ከሥሩ ሳህን ማኖር አይዘንጋ። አለዚያ ውሃው ታች ያለችው ጎረቤት ባሰጣችው ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ከማማሩ ይልቅ አጥብቀን የምናሳስበው ስለ ልጆች ነው። በበረንዳው ብረት ጥግ የተቀመጠ መትከያ ለሦስት ዓመት ሕፃን ደረጃ ነው። እናት ወጥ እስክታማስል ድረስ እላዩ ይቆማል፤ ከብረቱ በላይም ይሆናል። ስለዚህ መትከያዎች ሁሉ የቤቱን ግድግዳ ተጠግተው ይቀመጡ። የቀርከሃ መከለያም ወደ ላይ ቆሞ ይታሰር፤ አግድም ከታሰረ መሰላል ይሆናል። ብረቱ ላይ ማንጠልጠልማ ከቶ አይገባም። 20 ሊትር በሚይዝ ጄሪካን የተሞላ እርጥብ አፈር ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ነፋስ ወይም የልጅ እጅ ቢጥለው በታች የሚያልፈው የማን ልጅ እንደሚሆን አይታወቅም።

የጤና አዳምም ነገር አለ። ለቡና የሚወደደው ይህ ቅጠል ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያቋጥራል። ከቀጠፉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት መድኃኒት ነው ብላ ጨምቃ እንዳትጠጣው።

ሥራ የምትውሉ እህቶች ለውሃ ማጠጣቱ ጊዜ አጣን አትበሉ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።