ገርትሩድ ማን ናት?

ናይሮቢ ልጅ ይዞ የሄደ ወላጅ «ገርትሩድ» የተባለውን የሕፃናት ሆስፒታል ሳይሰማ አይቀርም። ገርትሩድ የእንግሊዛዊው ባለሀብት፣ ወታደርና ፖለቲከኛ የኤዋርት ግሮጋን ሚስት ነበረች። እሷን ለማግባት የእንጀራ አባቷን ማሳመን ነበረበትና ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1900 ካይሮ ገባ። ኋላ ኬንያ ውስጥ በእንጨትና በመሬት ከበረ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በ1947 ለመታሰቢያዋ የሆስፒታሉን መሬት ሰጠ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ልንገራችሁ፦ ከዚህ የሚያምር የስም ታሪክ አይገኝም። ልጃችሁ ብትጠይቅ ይህንኑ ብቻ ነግሮ ማለፍ ይቀላል። ግን ይኸው ሰው በ1907 ሦስት የኪኩዩ ጋሪ ጎታቾችን፣ ነጭ ሴቶችን አላከበሩም በሚል ናይሮቢ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ በሕዝብ ፊት ገርፏቸዋል። የተፈረደበት የአንድ ወር እስራት ነበር።