የተቆረጠ ጣት ይመለሳል፤ የሚሰፋው ሐኪም ግን የት ይለማመድ?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛ ወይም ዘመድ የሌለው ስንቶቻችን ነን? ብዙዎቹ በእኛው ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ እንጀራቸውም እጃቸው ነው።

ማሽን ጣት ሲቆርጥ ብዙ ሰው «በቃ፣ ሄደ» ይላል። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሻንጋይ ውስጥ ማሽን የቆረጠውን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ እጅ ዶክተር ቼን ጆንግዌይና ባልደረቦቻቸው መልሰው ሰፍተውታል። በ1965 ደግሞ ጃፓናውያኑ ኮማትሱና ታማይ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት በማይክሮስኮፕ እያዩ መልሰዋል። ይህ ከሆነ 60 ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው? የጣት ደም ሥር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚሰፋበት ክር ከፀጉር ይቀጥናል። አንዷ ስፌት ከተበላሸች ደሙ ይረጋል፣ ጣቱም ይሞታል። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ መሞከር አይቻልም። ላብራቶሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጓንት ላስቲክ ይሰፋል፣ ቀጥሎ የዶሮ ጭን ደም ሥር፣ በመጨረሻ በማደንዘዣ የተኛች አይጥ። ምርምሩም እዚያው ይካሄዳል፦ የትኛው አሰፋፍ ይሻላል? ደሙ ለምን ይረጋል?

«ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው» ለሚሉ፦ ከሙያው ጀማሪዎች አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ሃሪ በንኪ የጥንቸል ጆሮ ቆርጠው መልሶ መስፋትን የሞከሩት ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ማይክሮስኮፕና መሣሪያው ውድ ነው፤ የዶሮ ጭን ግን እኛም ሰፈር አለ።

መሠረቱም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ወደ ሰበታ በሚወስደው የጅማ መንገድ ላይ ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከዓላማዎቹ አንዱ ሥልጠና ነበር፤ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችን በቀዶ ሕክምና ሲያስተካክልም ኖሯል። የካቲት 12 የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ አቤት ደግሞ የድንገተኛ አደጋ ሕክምና ይሰጣሉ።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ አንድ ጎበዝ ሐኪም ብቻውን አይበቃም። አደጋ ሌሊትም ይደርሳል። ተረኛ ቡድን የሚኖረው በየዓመቱ አዳዲስ እጆች ሲሠለጥኑ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቋሚ መለማመጃ ቤት ያስፈልጋል። አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የቀዶ ሕክምና ወጪን ጨምሮ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ግን ሰፊ ከሌለ የተከፈለው ብር ጣት አይሆንም። ፋብሪካዎቹም ለሥልጠናው ቢያዋጡ ራሳቸውን ነው የሚጠቅሙት።

እስከዚያው ይህን ያዙ። የሚደማውን እጅ ከፍ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። የተቆረጠውን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ እሰሩ፤ ፌስታሉን በረዶ የገባበት ውኃ ውስጥ አድርጉት። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ እንዳይነካው! ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ጡንቻ ያለው ክፍል፣ ለምሳሌ ሙሉ እጅ፣ ካልቀዘቀዘ ከ6 ሰዓት በላይ አይታገስም። የተጨፈለቀ ጣት ላይመለስ ይችላል፤ ያንን ግን ሐኪሙ ይወስን፣ እናንተ አትጣሉት።

ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ላኩለት።