አንድ ስኬል፣ ልዩ ልዩ ኪስ፦ የመምህሩ ደመወዝ ከገሳይ እስከ አዲስ አበባ

ደብረ ታቦር፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ገሳይ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚያቀናው ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ድንችና ገብስ የሚመረትባት የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጁን ለሚያስተምር አርሶ አደር መምህር መመደቡ ብቻውን እፎይታ አይሰጥም። የተመደበው መምህር ዓመቱን ይዘልቃል ወይ? በሚቀጥለው መስከረምስ ይመለሳል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ። መምህሩ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ትዳር፣ ጤና፣ የጸጥታ ስጋትና የትምህርት ዕድል ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከሁሉም ጋር የተያያዘው ግን ደመወዝ ነው። ስለዚህ ደመወዙ እንዴት እንደሚሰላ፣ ማን እንደሚከፍለውና ከቦታ ቦታ ለምን እንደሚለያይ መረዳት ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለወላጅም ይጠቅማል።

የመምህሩ ደመወዝ በሁለት መለኪያዎች ይወሰናል። የመጀመሪያው የትምህርት ዝግጅት ነው፤ ዲፕሎማ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ሁለተኛ ዲግሪ የተለያየ መነሻ አላቸው። ሁለተኛው የአገልግሎት ደረጃ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የራሳቸው የእድገት መሰላል እንዲኖር መሠረት ጥሏል። መምህሩ ከጀማሪ ተነስቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ለእያንዳንዱ እርከን የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይጠየቃል። የመሰላሉ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ጎበዝ መምህር ቢሮ ፍለጋ ሳይሄድ በጠመኔውና በሰሌዳው እንዲያድግ ማድረግ ነው።

ይህ ዓላማ መድረሱ የሚታወቀው ከታችኛው እስከ ላይኛው እርከን ባለው ልዩነት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተደረጉት የደመወዝ ማሻሻያዎች መታየት ያለባቸውም በዚሁ ሚዛን ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲተገበር የተወሰነው ማሻሻያ ዝቅተኛውን ወደ 4,760፣ ከፍተኛውን ወደ 21,492 ብር አደረሰው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆኗል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር ሠራተኛም መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንድ ነገር ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. ከፍተኛው ደመወዝ የዝቅተኛው ከ18 እጥፍ በላይ ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ ይህን ርቀት ወደ አራት እጥፍ ተኩል አጠበበው። ከታች ያለው ሠራተኛ ደመወዙ ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ ከላይ ያለው የጨመረው አምስት በመቶ ብቻ ነበር። የዘንድሮው ማሻሻያ ርቀቱን ወደ ስድስት እጥፍ ተኩል መልሶ ከፍቶታል። ዝቅተኛ ተከፋዩን ማስቀደሙ ፍትሐዊ ነው፤ በ1,100 ብር ቤተሰብ ማስተዳደር አይቻልም ነበርና። በሌላ በኩል ግን ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር ትናንት ከተቀጠረው ጋር ያለው ልዩነት ሲጠብ መሰላሉ የመሳብ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ጀማሪውም ነባሩም ደመወዝ ጨምሮላቸው ሳለ የነባሩ ቅሬታ ለምን እንዳልቆመ ለሚጠይቅ ሰው የመልሱ አንዱ ክፍል ይኸው ነው።

የተነገረው ደመወዝና እጅ የሚገባው ገንዘብም አንድ አይደሉም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። ከዚያ በላይ ያለው ገቢ ከ15 በመቶ ጀምሮ በደረጃ ይታሰባል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል። በዚህ ስሌት 11,500 ብር የሚከፈለው የዲግሪ ምሩቅ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ይቀነስበትና 8,595 ብር ይደርሰዋል። ይህም በቀን ከ286 ብር ብዙ አይበልጥም። በቀድሞው ደመወዝና በቀድሞው የግብር ሕግ ይደርሰው የነበረው 5,284 ብር ያህል ስለነበር ጭማሪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ የእህል፣ የመጓጓዣና ለወላጅ የሚላክ ገንዘብ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

የብሩ አቅምም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዘንድሮ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። የ2011ዱ ስኬል ሲወጣ ዶላሩ 29 ብር አካባቢ ስለነበር 1,100 ብር 38 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ 6,000 ብር ከ43 ዶላር በታች ነው። ያኔ ከ700 ዶላር በላይ የነበረው ከፍተኛው ደመወዝ ደግሞ ዛሬ ከ280 ዶላር በታች ወርዷል። መምህሩ ጎመኑንና ሽሮውን በዶላር አይገዛም፤ ነዳጁ፣ መድኃኒቱና ስልኩ ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በየዓመቱ የማዳበሪያ ዋጋ የሚያስጨንቀው አርሶ አደር ይህን ስሌት ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ አርሶ አደሩ ድንቹን ሲሸጥ ገበያው ከፍ ካለ አብሮ ከፍ ማለቱ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን በሁለት ማሻሻያዎች መካከል ባለበት ይቆያል።

ስኬሉ በመላ አገሪቱ ተቀራራቢ ከሆነ የቦታ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በዋናነት ከሦስት ምንጮች ነው።

አንደኛው አበል ነው። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላና በመሳሰሉት ቆላማ አካባቢዎች የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ከደመወዛቸው በመቶኛ የሚታሰብ የበረሃ አበል አላቸው። አዲስ አበባ በራሷ ገቢ ስለምትተዳደር ለመምህራኗ የቤት አበልና ሌሎች ድጋፎች የመጨመር አቅም አላት። የጉና ዙሪያ ደጋ ከሁለቱም ወገን አይደለም። የበረሃ አበል ስሙ እንደሚያስረዳው መነሻው ሙቀት ነው። የውርጭ ማለዳ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ ለሰዓታት የሚኬድ የእግር ጉዞ፣ መብራትና የኪራይ ቤት የሌለበት ቀበሌ በዚያ ስም አይጠሩም። ስለዚህ በወረዳው ዋና ከተማ የሚያስተምረውና በወረዳው ጫፍ የሚያስተምረው፣ ደረጃቸው እኩል ከሆነ፣ በደመወዝ እኩል ሆነው በኑሮ ግን ይለያያሉ።

ሁለተኛው ምንጭ ከፋዩ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ወረዳው ከክልሉ በሚያገኘው ጥቅል በጀትና ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። የደመወዝ ማሻሻያ በፌዴራል ደረጃ ሲወሰን ገንዘቡ በክልልና በወረዳ ቋት ውስጥ መገኘት አለበት። ገቢው ደካማ የሆነ ወረዳ ውሳኔውን በወቅቱ ለማስፈጸም ይቸገራል። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ ዞን መምህራን ደመወዝ ለወራት በመዘግየቱ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ለዚህ ምሳሌ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ስኬል አንድ ቢሆንም ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የሚገባለትና ለወራት የሚጠብቅ መምህር እኩል ተከፋይ አይደሉም፤ የዘገየው በዱቤ ይበላል፣ ዱቤውም ዋጋ አለው።

ሦስተኛው የደረጃ እድገት ነው። መምህሩ የአገልግሎት ዘመኑን ሞልቶ፣ ተመዝኖ፣ የእድገት ደብዳቤ ቢደርሰውም ክፍያው የሚጀምረው በጀት ሲኖር ነው። የእድገት ክፍያ መዘግየት በመምህራን ጉባኤዎች ተደጋግሞ የሚነሳ ቅሬታ ነው። የግብር ደረጃው ደግሞ የጭማሪውን መጠን ይቀንሰዋል። ደመወዙ ከ10,000 እስከ 14,000 ብር ባለው እርከን ውስጥ ያለ መምህር በእድገት 1,000 ብር ቢጨመርለት ከግብርና ከጡረታ በኋላ የሚደርሰው 630 ብር ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 580 ብር ያገኛል። ይህች 630 ብር በአንድ ዓመት ብትዘገይ ከ7,500 ብር በላይ ትሆናለች፤ ለጀማሪ ምሩቅ በወር እጁ ከሚገባው ገንዘብ ብዙም አታንስም።

የሥራ ድርሻም ልዩነት ያመጣል። ርእሰ መምህር፣ ምክትል ርእሰ መምህርና የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ከኃላፊነታቸው ጋር የተያያዘ የተሻለ ክፍያ አላቸው። ኃላፊነቱ ከባድ በመሆኑ ክፍያው ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከክፍል ለመውጣት ያለው ማበረታቻ በክፍል ለመቆየት ካለው ሲበልጥ ነው። ያን ጊዜ ጠንካራው የፊዚክስ መምህር ርእሰ መምህር ይሆናል፤ ርእሰ መምህሩ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል፤ ሌላው ወደ ንግድ ይገባል። ሁሉም ለራሳቸው ትክክለኛ ውሳኔ ወስነዋል፤ የጎደለው የክፍሉ ሰሌዳ ብቻ ነው።

የመምህሩ የደመወዝ ጥያቄ በዚህች አገር አዲስ አይደለም። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም አንደኛው ጉዳዩ ደመወዝ፣ ሌላው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ሐሳብ ነበር። ወላጆችም ልጆቻችን ከከፍተኛ ትምህርት ይቀራሉ ብለው ሰግተው ስለነበር ጥያቄው የመምህሩ ብቻ ሆኖ አልቀረም። መንግሥትም ማሻሻያውን ለማዘግየት ተገደደ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር። ሁለቱ ክስተቶች በዘመንም በይዘትም ቢለያዩ የመምህር ኑሮ ሲናጋ ዳፋው ለተማሪው እንደሚተርፍ ያሳያሉ።

ከሌሎች አገሮች የሚወሰድ ትምህርትም አለ። መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቁት የመምህራን ምክረ ሐሳብ የመምህር ደመወዝ ተመሳሳይ ዝግጅት ከሚጠይቁ ሙያዎች ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራ እንዲሆን ይመክራል። ከስኬሉ መነሻ እስከ ጣሪያው ለመድረስም ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሚሆን ጊዜ በላይ መፍጀት እንደሌለበት ይገልጻል። ኬንያ መምህራንን በአንድ አገራዊ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በኩል ስለምትቀጥር ደመወዙ በየወረዳው ገቢ ላይ አይንጠለጠልም። ጋምቢያ ከዋና መንገድ ርቀው ላሉ ትምህርት ቤቶች ከመነሻ ደመወዙ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ አበል መክፈል ከጀመረች በኋላ የሠለጠኑ መምህራን ድርሻ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ጨምሯል። የጋምቢያው መለኪያ ሙቀት ሳይሆን ርቀት መሆኑ ለጉና ዙሪያ ቀበሌዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ደመወዝ ብቻውን የትምህርትን ጥራት እንደማይወስን መታወቅ አለበት። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀሙ ጉድለቶች አሉ፤ በአማራ ክልል ደግሞ የጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ክፍተቱን መሙላት የሚችለው ደግሞ ልምድ ያለው መምህር ነው፤ የስኬሉ መጥበብ ይበልጥ የሚከብደውም እሱኑ ነው።

ከፌዴራል ውሳኔ በፊት በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የእድገት ክፍያ በዓመቱ በጀት ቀድሞ ቢያዝ ውዝፍ አይከማችም። የደመወዝ ጭማሪ ያለ ተጨማሪ በጀት ሲመጣ ግን የሚቀነሰው ለጠመኔ፣ ለጥገናና ለቤተ ሙከራ የተያዘው ገንዘብ ስለሚሆን ወረዳው ይህን ለሕዝብ በግልጽ ማሳየት ይኖርበታል። ማኅበረሰቡ በጉልበቱና በእንጨቱ የመምህራን መኖሪያ ሲሠራ ደግሞ ከ8,595 ብሩ ላይ የቤት ኪራዩን ያነሳለታል፤ ይህ ግብር የማይቆረጥበት ጭማሪ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለወረዳው የሚከብደው ለቀበሌው ሊቀል ይችላል።

መምህርን እንደ ሻማ እየቀለጠ ለሌላው የሚያበራ አድርጎ ማወደስ የተለመደ ነው። ምስጋናው ደግ ነው፤ ነገር ግን ቀልጦ ያለቀ ሻማ ለሚቀጥለው ማታ አያበራም። በወላጆች ጉባኤ ላይ የተማሪው ውጤት ሲጠየቅ የመምህሩ እድገት በወቅቱ ተከፍሎ እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ በዓመቱ ስንት መምህር እንደለቀቀና ለምን እንደለቀቀ አብሮ ቢጠየቅ መልሱ የሚጠቅመው በመጀመሪያ ለልጆቹ ነው።