የማኅበር ድረ ገጽ በማኅበር ስም ይመዝገብ

ማር አምራች ገበሬዎች ተደራጅተው ምርታቸውን ያለ ደላላ በኢንተርኔት ለመሸጥ መነሳታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ድረ ገጹን በኮምፒዩተሩ አስቀምጦ የሚያስተናግድላቸውን ኩባንያ ሲመርጡ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ዋጋውን ብቻ ነው።

ዋጋውም ቢሆን በሚገባ አይጠየቅም። በርካሽ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ሲሆን፣ በእድሳት ጊዜ በእጅጉ ይጨምራል። ከውጭ ኩባንያ ጋር የተዋዋለ ማኅበር ደግሞ የሚከፍለው በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ አስተናጋጅ ስላለ አስቀድሞ እርሱን መጠየቅ ይበጃል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በማውቀው አንድ ማኅበር ድረ ገጹን የሠራው ወጣት የአድራሻውን ስም፣ ዶሜን የሚባለውን፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ልጁ ተንኮል አልነበረበትም፤ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። የእድሳቱ ማስታወቂያ ማንም ወደማያየው ኢሜይል ሲላክ ከረመና ገጹ ተዘጋ። ያልታደሰ ስም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናልና፣ በማሩ ዕቃ ላይ የታተመው አድራሻ ዛሬ የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የአድራሻው ስም በማኅበሩ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉም ከማኅተሙ ጋር በሊቀ መንበሩና በሒሳብ ሹሙ እጅ ይቀመጥ። የገጹ ቅጂ በየወሩ በማኅበሩ ፍላሽ ላይ ይገልበጥ። ኩባንያው ቅጂውን አልሰጥም ካለ ውል አይፈረም።