ለመንገድ ውሃ በምን እንያዝ?

ገበያ ስንሄድ ውሃ እንይዛለን። ከብት ስንጠብቅም፣ ማሳ ላይ ስናድርም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ስንወርድም እንይዛለን። ድሮ በቅል ነበር። ዛሬ ቅሉም አለ፤ ኮዳውም አለ፤ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስም በየገበያው ሞልቷል። ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህ ዕቃ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር?

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የመጣበት ጀሪካን ጠንካራ ነው፤ ክዳኑም ጥብቅ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ መጣሉ ያሳሳል። አንዳንዱ ሰው በአመድ ፈትጎ፣ በሳሙና አጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። «ሽታው ጠፍቷል እኮ» ይላል። ሽታው ቢጠፋም መርዙ አልጠፋም። ፕላስቲኩ መርዙን ይጠጣዋል። በኋላ ውሃ ሲሞላበት ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። አጥበን አንጨርሰውም። ስለዚህ ለውሃም፣ ለጠላም፣ ለወተትም አይሆንም። መድኃኒቱን እንዳራገፍነው ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ እናለቅልቀው። እጣቢውን ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ መርጫው እንጨምረው። ከዚያ ጀሪካኑን እንብሳው። የተበሳ ጀሪካን ማንም ውሃ አይቀዳበትም።

አሮጌ ጀሪካን ስትገዙ የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቡ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕል ካለበት ተዉት። ወረቀቱ ከተላጠና ሻጩ ምን እንደነበረበት ካላወቀ፣ ቢረክስም አትግዙት። የምግብ ዘይት የነበረበት ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠራል።

ላምባ ወይም መድኃኒት በሃይላንድ መቅዳትም ክፉ ልማድ ነው። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ቅል ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ግን አለቀ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅ ያስፈልጋል። የብረት ኮዳ ቢወድቅ አይሰበርም። ማታ ያፈላነውን ውሃ በትኩሱ ይችላል። (ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ 3 ደቂቃ ይቆይ።) ዋጋው ግን ይከብዳል። ሃይላንድ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል። ይሁን እንጂ ሌላው ዕቃ የማይሠራውን አንድ ሥራ ይሠራል።

ሥራው ይህ ነው። ፕላስቲኩ ነጭና ጥርት ያለ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ጠርሙስ ታጥቦ ውሃ ይሞላል። ይከደንና ቆርቆሮ ላይ በጎኑ ይጋደማል። ጥሩ ፀሐይ ካለ 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ደግሞ 2 ቀን ይቆያል። ፀሐዩ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተዋሲያን ይገድላል። መርዝን ግን አያጠፋም። ውሃው የደፈረሰ ከሆነም ፀሐዩ ውስጥ አይደርስም። እንዴት እናውቃለን? ይህን ጋዜጣ መሬት ላይ አንጥፉት። ጠርሙሱን በርዕሱ ላይ አቁሙት። በአፉ በኩል ወደ ታች ተመልከቱ። የርዕሱ ፊደል ከተነበበ ውሃው ይበቃል። ካልተነበበ እስኪጠልል ይቀመጥ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

እኛ ብንጠየቅ ለአንድ ቀን መንገድ ከአንድ ትልቅ ጀሪካን ሁለት የ1 ሊትር ጠርሙስ እንመርጣለን። አንዱ ቢያፈስ ሌላው አለ። የ1 ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነውና ለትከሻም ይመዛዘናል። ለቆላ አጨዳ ግን ይህ አይበቃም፤ እዚያ ትልቁንም መጨመር ነው።

ጠርሙሱ ሲፋተግና ሲደበዝዝ ፀሐይ አያሳልፍም። ያን ጊዜ ለጎመን ዘር ማስቀመጫ ይሁን፤ ለውሃ ሌላ ይያዝ።