«ያለቀ» የሚለው ረድፍ

ቢሮአችን ግድግዳ ላይ የለጠፍናቸው ባለቀለም ወረቀቶች ሌሊት ሌሊት ይወድቃሉ። ግድግዳው ዘይት ቀለም የተቀባ ስለሆነ ሙጫው አይይዘውም። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው የሚገቡት የጽዳት ሠራተኛችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ከወለሉ ለቅመው መልሰው ይለጥፏቸዋል። ያሉን ረድፎች ሦስት ናቸው፤ «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ» እና «ያለቀ»። የትኛው ወረቀት ከየት እንደወደቀ እትዬ በምን ይወቁ? መጀመሪያ ሰሞን በግምት ይለጥፉ ነበር። አንድ ሰኞ ግን ስንገባ ሁሉንም «ያለቀ» ሥር ደርድረው፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቀው አገኘናቸው።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ሌላው ጋ ሳደርገው ሰው ይቆጣል ልጄ። እዚህ ሳደርገው ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም» አሉኝ።

ዕድሜዬን በዕቅድና ክትትል ሥራ ላይ ነው የጨረስኩት። የመሥሪያ ቤታችንን ጠባይ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ወረቀቶቹን ይዘን የመጣነው ከቢሾፍቱ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ነበር፤ አበል፣ ሐይቅ ዳር ምሳ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የቡድን ፎቶ። አዲሱ ቃል «አጃይል» ይባላል። ሥልጠና አልጠላም፤ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር ግን ትንሽ ፈንጠር ብዬ የማየት ልማድ አለኝ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ ነበርኩ። የውጤት ምዘናው ቢኤስሲ ሲመጣም ነበርኩ። ካይዘን መጥቶ ስለ ሥራ ቦታ ሥርዓት የሚናገሩት «አምስቱ ማዎች» ሲለጠፉ ፖስተሩን በእጄ ይዤ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም መዝገብ ቤቱ በር ላይ አለ፤ በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ፋይሉ ወለል ላይ እንደተከመረ ነው።

አሠልጣኙ ግን ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አጃይል ከየት እንደመጣ ሳይነግረን ወደ «እንዴት» አልገባም። በ1993 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በፈረንጆቹ 2001 መሆኑ ነው፣ 17 የሶፍትዌር ሰዎች አሜሪካ ውስጥ፣ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ። አጭር ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ከያዛቸው አራት ነጥቦች እኔን ቀጥ ያደረገኝ የመጨረሻው ነው፤ ዕቅድን ሙጥኝ ከማለት ይልቅ ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ መለወጥን ያስቀድማል። ዕቅድ ይቅር አላሉም። ዕቅድም ዋጋ እንዳለው እዚያው ላይ ጽፈዋል። የትኛው ለየትኛው እንደሚገዛ ነው የተናገሩት።

የሸሹት ነገር በነሱ ሙያ ፏፏቴ ይባላል። መጀመሪያ ፍላጎቱ በሙሉ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ንድፉ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይሠራል፣ በመጨረሻ ይፈተሻል፤ ከታች ወደ ላይ መመለስ የለም። ዊንስተን ሮይስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1970 በጻፈው ጽሑፍ ደረጃዎቹን ከላይ ወደ ታች በሥዕል ደርድሯቸው ነበር። ፏፏቴ የሚለውን ቃል እሱ አልተጠቀመበትም፤ ጭራሽ እንዲህ አንዴ ብቻ እየወረዱ መሥራት አደጋ እንዳለው አስጠንቅቆ መውጫውንም ጠቁሟል። ሥዕሉን ያየው ግን ጽሑፉን ካነበበው በለጠ።

አሠልጣኙ ይህን ሲያወራ እኔ ሌላ ቃል ነበር የማስበው። በየመሥሪያ ቤታችን ዕቅድ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካስኬድ ተደርጓል ወይ?» ነው። ከተቋም ወደ ዳይሬክቶሬት፣ ከዳይሬክቶሬት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ። ቃሉን ስንቱን ዓመት በቃለ ጉባኤ ስጽፈው ኖሬያለሁ። የቃሉ ፍቺ ፏፏቴ ነው። የምንሠራውን ነገር ስም ጠርተንለት ሳናውቀው!

የኛ ፏፏቴ ግንቦት ላይ ይነሳል። ግንቦት ላይ ተቀምጠን የሚመጣውን ዓመት ሚያዝያ ስንት ሰው እንደምናሠለጥን እንጽፋለን። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ይጀመራል፤ ዕቅዱ ተፈራርሞ ግለሰብ እጅ ሲገባ መስከረም ይጠባል። በመሃሉ መዋቅር ይነካል፣ የወረቀት ዋጋ ይንራል፣ ሥራውን የሚያውቀው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ዕቅዱ ግን ያው ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ምንጊዜም ዘጠና ስምንት ነጥብ ምናምን ነው። 200 ሰው ለማሠልጠን ታቅዶ 200 ሰው ሠልጥኗል፤ መቶ በመቶ። ሠልጥነው ምን ሆኑ የሚለው ሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። ሰኔ ሲደርስ ያልተነካው በጀት ወደ ካዝና እንዳይመለስ የሚደረገውን ሩጫ የመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ አልደግመውም።

ብቻ ከቢሾፍቱ ተመልሰን ጀመርን። ከአጃይል አሠራሮች ስክረም የሚሉትን ነበር የመረጥነው። ስሙ የተወሰደው ከራግቢ ጨዋታ ነው። ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን በፈረንጆቹ 1986 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ አዲስ ምርት የሚያወጡ ኩባንያዎች ሥራን እንደ ዱላ ቅብብል አንዱ ለአንዱ እያስረከበ መሄዳቸውን ትተው፣ እንደ ራግቢ ቡድን ኳሱን እየተቀባበሉ አብረው መሮጥ አለባቸው አሉ። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር የተባሉ አሜሪካውያን ሐሳቡን ወደ ሶፍትዌር አምጥተው በፈረንጆቹ 1995 አቀረቡት። ሥራው በአጭር ዙር ይከፈላል፤ አንዱ ዙር ቢበዛ አንድ ወር ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ ተገናኝቶ የት ደረስን፣ ምን ያዘን ይባላል። ዙሩ ሲያልቅ የተሠራው ነገር ለሚጠቀምበት ሰው ይታያል። በዱላ ቅብብል ያደገ ቢሮ፣ «ፋይሉ ከኔ ወጥቷል» ማለት ሥራ ሠርቻለሁ የሚሆንበት ቢሮ፣ ይህን መሞከሩ በራሱ አያስቅም?

የየቀኑ ስብሰባ በቁም ነው የሚደረገው፤ እግር ሲደክም አፍም ያጥራል ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እውነትም 15 ደቂቃ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊያችን ገቡ። ሰውየው ሲናገሩ ማቋረጥ ነውር ነው፤ 40 ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ወንበር መጣ። በአምስተኛው ሻይ ተጨመረበትና ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመደበ።

እንዲህ ስል ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር ሠርተንበታል፤ እሱን በደንብ ልንገራችሁ።

ቢሮአችን ፈቃድ ያድሳል። ባለጉዳዩ ይመላለሳል፣ ይማረራል። በዓመታዊ ዕቅዳችን ላይ ለዚህ የተቀመጠው መፍትሔ «የአገልግሎት አሰጣጥ ማኑዋል ማዘጋጀት፤ ብዛት 1፤ ክብደት 8 በመቶ» የሚል ነበር። ለአራት ሰው ቡድናችን የሁለት ሳምንት ዙር ተሰጠና፣ ማኑዋሉን ከመጻፋችን በፊት ሰው ለምን እንደሚመለስ እንቁጠር አልን። ከመካከላችን አንዷ ልጅ ፈቃድ በሚታደስበት መስኮት 3 አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እስክሪብቶና አንድ ወረቀት ይዛ፣ ሰው በተመለሰ ቁጥር ሰረዝ፤ አራት ሲሞላ አምስተኛዋን አግድም። አምስት ቀን ቆጠረች። ወረቀቱን ሳየው አንደኛው መስመር ከሌሎቹ ሁሉ ረዝሞ ወደ ጀርባ ገጽ አልፏል። ሰዎቹ የግብር ክሊራንሱን ኮፒ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ለማመሳከር ዋናውም ይፈለጋል። ይህን የሚሰሙት ሁለት ሰዓት ተሰልፈው መስኮቱ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ቤት።

በማግሥቱ በአንድ ኤፎር ወረቀት ላይ ምን ምን ይዘው መምጣት እንዳለባቸው ጽፈን የግቢው በር ላይ ለጠፍን። በሁለተኛው ቀን ጥበቃው ጋሼ መጡና «ፊደሉ አነሰ፤ ሽማግሌዎቹ እኔን አንብብልን እያሉ ነው» አሉን። አተለቅነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ዋናውን የምትለዋን ቀይ አድርጓት፤ አያዩዋትም» አሉ። ቀይ አደረግናት። ጋሼ እስከዛሬ ድረስ ሰው ገና በር ላይ ሳለ «ዋናውን ይዘዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ያልያዘው ሳይሰለፍ ይመለሳል። የመስኮት 3 ሰልፍ በዓይን የሚታይ ያህል አጠረ። ወጪው አንድ ወረቀትና ቀይ ቀለም። ለእኔ አጃይል ማለት ይህ ነው፤ ጥበቃው ስህተትህን በሁለተኛው ቀን ሲነግርህ የሚታረም ዕቅድ።

ታዲያ ማኑዋሉ? ለኃላፊያችን ነገሩን አስረድቼ፣ «ማኑዋሉ ይቅር፤ አያስፈልግም» አልኳቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ቆጠራው የተጻፈበትን ወረቀት አገላብጠው አዩ፣ ጀርባውንም አዩ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ግን 8 በመቶውን ከየት አምጥቼ ልሙላ?»

መልስ አልነበረኝም። የበሩ ወረቀት ዕቅድ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ነጥብ የለውም። በሪፖርቱ ላይ «ተጨማሪ ተግባራት» በሚለው ሥር አንድ መስመር አገኘ። ማኑዋሉ ሰኔ ላይ ታተመ፤ 64 ገጽ፣ 300 ቅጂ። ማን እንዳነበበው አትጠይቁኝ። ካርቶኖቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ናቸው፤ አንዱ ካርቶን የበር መያዣ ሆኗል። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ተመዘገበ።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራተኛው ራስ በላይ የሚያልፍ ገመድ እንዳለ በካይዘን ሥልጠና ጊዜ ሰምቼ ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የአጃይል ሰዎች ብዙ ነገር የወረሱት ከዚህ ቤት ነው፤ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ሰሌዳ ሳይቀር መነሻው የቶዮታው ካንባን ነው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የመሥሪያ ቤቶቻችን ጉጉት ትዝ ይለኛል። እኛ ቢሮ ፖስተሩን አመጣን፣ ዕቃ ላይ ምልክት መለጠፉን አመጣን፣ የጽዳት ቀኑን አመጣን። ገመዱን ግን አላመጣነውም። ገመድ ስቦ «ይህ ሥራ ተበላሽቷል፤ ቁሙ» የሚል ሠራተኛን የሚያመሰግን አለቃ ከፖስተር ጋር አይመጣም።

«ይሄ አጃይል የምትሉትማ የኛው ደቦ ነው፤ ድሮም ነበረን» የሚል ወዳጅ አለኝ። አልስማማም። ደቦ የወጣ ሰው አዝመራውን ዓይኑ እያየ ነው የሚያጭደው፤ ያልታጨደውን ታጨደ ብሎ ለማንም አይጽፍም። የኛ ችግር ደግሞ የሚጀምረው ከመጻፉ ነው። ሁሉም ነገር በሁለት ሳምንት ዙር ይሠራ የሚሉትንም አልሰማቸውም። የፈሰሰ ኮንክሪት በሚቀጥለው ዙር እናሻሽለው አይባልም፤ ደመወዝም በሙከራ አይከፈልም። መግለጫውን ካወጡት ከ17ቱ አንዱ የሆነው ዴቭ ቶማስ ራሱ በፈረንጆቹ 2014 አጃይል ሞቷል ብሎ ጽፏል፤ ቃሉ የአሠልጣኝና የአማካሪ ሸቀጥ ሆኖ ትርጉሙን አጥቷል ነው የሚለው። የቢሾፍቱን ምሳ እያስታወስኩ ሰውየው ውሸት አልተናገረም እላለሁ።

ሰሞኑን እንደገና ዕቅድ ላይ ነን። ሰንጠረዡን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ከግርጌ አንድ ረድፍ ጨመርኩበት፤ «በዓመቱ ውስጥ እንደማያስፈልጉ በሥራ ተረጋግጦ ከዕቅድ የሚወጡ ተግባራት፤ ብዛት 4፤ በየሩብ ዓመቱ 1፤ ክብደት 5 በመቶ»። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ የማኑዋሉ ቂም ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ሳቁ። እርሳሳቸውን አንስተው 5ቱን ሰረዙና 2 ጻፉበት። ሊፈርሙ ሲሉ ግን እጃቸው ቆመ።

«ቆይ እስቲ» አሉ፤ «የሚወጣ ሥራ 3 ብቻ ብናገኝስ? ከዕቅድ በታች ሆንን ማለት አይደል?»